አለህ?

አሽዶድ ነው። ከወደቡ ጀርባ፣
የበሬ ሥጋ ከባሕር ማዶ መጥቶ የሚያድርበት፣
ከዜሮ በታች ዐሥራ ስምንት
በቀይ ቁጥር የሚነበብበት
መጋዘን።
ሥራችን ማየት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ መናገር፣
ካላለ ዝም ብሎ ማደር።

በየአራት ደቂቃው ግን ስክሪኑ ይጠይቃል፦
«አታ ካን?»
አለህ?
ሴት አያውቅም። እኔንም አለህ ነው የሚለኝ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አለሽ ሳይለኝ።
ሰማያዊ ቁልፍ አለች፤ ትጫናታለህ፣ አለህ ማለት ነው።
ዐሥር ደቂቃ ዝም ካልክ ደወሉ ይጮሃል፣
ዘበኛው ይሮጣል፣
ከደመወዝህም የሆነ ነገር ይጎድላል።

አያ መለሰ ከፊት ለፊቴ ነው የሚቀመጠው።
ስልሳ ሦስት ዓመቱ፤ ለጡረታ አራት ቀረው።
ማውዟን እንደ ጫጩት ነው የሚይዛት፣
እንዳትሞትበት፣ እንዳታመልጠው።
የእጁ አንጓ ያበጠ ሰሞን በሻሽ ጠቀለላት፣
«አንቺ የተማርሽው፣» አለኝ፣
«እስቲ ለዚች ጣት ቅጥር ፈልጊላት።»

ጥቁር መስኮት ከፈትኩ። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤
ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት ብቻ፣ እንደ ደጅ ጠኚ፣
ትእዛዝ ጠባቂ።
አንዲት መስመር ጻፍኩ፦
እዚህ ነጥብ ላይ፣ በየሁለት መቶ አርባ ሰከንድ፣
ጫን። አትታይ። ከጓዳ ሁን። ካልጠራሁህ አትውጣ።
ስሙን «ምትክ» አልኩት።
መስኮቱን ዘጋሁት፤ እሱ ግን ከጀርባ
ሳያዛጋ፣ ሳያነጥስ፣ ገባ ወደ ሥራ።

አቤት ያ ክረምት!
ውጭ ዝናብ፣ የመርከብ ጡሩምባ፤
ውስጥ ማውዟ እንደተኛች፣ እጅ ሳይነካት፣
አለህ? አለሁ።
አለህ? አለሁ።
እኔ ለፈተናዬ አጠናሁ።
እሱ የወደቀ ሬዲዮ አምጥቶ ፈታ፣ ገጠመ፣
ሁለት ብሎን ተረፈው፤ ሬዲዮው ግን ዘፈነ።
«ስሜ መለሰ፣» ይላል እየሳቀ፣
«የሚመልሰው ግን ሌላ!»

የካቲት ላይ፣ ለሐሙስ አጥቢያ፣
እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ፣ እሱ ብቻውን።
ሐኪሞቹ እንደገመቱት ከሌሊቱ ስምንት ተኩል ላይ
ደም ከጭንቅላቱ ደጅ ተመለሰ፤
ወንበሩ ላይ ዘመመ።
አለህ? አለሁ።
ሻዩ ቀዘቀዘ።
አለህ? አለሁ።
ሬዲዮው የአየር ጠባይ አወራ፣ ነገ ፀሐይ ነው አለ።
አለህ? አለሁ።
ደወሉ አልጮኸም። ምን አጥቶ ይጩህ?
የጽዳቷ ላሪሳ ለአሥራ አንድ ሰዓት ባልዲዋን ይዛ
ገብታ እስክትጮህለት ድረስ።

መዝገቡን አየሁት። ሠላሳ ሰባት «አለሁ»፣
አንዱም ያልዘገየ።
አለቃችን በጣቱ እየተከተለ አነበበና
«እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ነቅቶ!» አለ፣ እየተደነቀ።
አፌን ከፈትኩ።
ቀጥሎ የመጣው ቃል ስለ ፈረቃ ነበር።

ማታ ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ።
የማስቆሚያው ትእዛዝ «ግደል» ነው፤ ለስለስ ያለ ሌላ ቃል የለውም።
ግደል ብዬ ጻፍኩ፣ ቁጥሩን ሰጠሁት።
ሲሞትም ድምፅ የለው፤ ጭረቷ ወዲያው
ብልጭ ድርግም፣ ቀጥሎስ? አለችኝ።

አሁን ከሥራ ስወጣ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ማገገሚያው እሄዳለሁ።
ቀኝ እጁ አንሶላ ላይ ተቀምጧል፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል፤
እብጠቷ ጠፍታለች፣ ሥራ ፈትታ።
«አያ መለሰ፣ አለህ?» እለዋለሁ።
የግድግዳው ሰዓት ይሄዳል።
ነርሷ ገብታ ትወጣለች።
የተጠየቀውን የረሳ ሲመስለኝ
የግራ እጁ ጣት የአልጋውን ብረት ጠቅ ታደርጋለች፣
ዘግይታ፣ ነጥቧን ስታ።

ትናንት ደግሞ የተጣመመ ከንፈሩን ታግሎ፣ ታግሎ፣
«አ... ለሽ?» አለኝ።
እጄ ሳላዝዘው አልጋው ላይ
ሰማያዊ ቁልፍ ይፈልግ ጀመር።